ወንድሜ፣ ዐይን ሳይሆን ኑድልስ ቢሆንስ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ከልደታና ከአካባቢዋ ለትምህርት ወደ ውጭ የወጡ ወንድሞቻችን የድምፅ መልእክት ይልኩልናል። አንዱ ከቱርክ፣ አንዱ ከህንድ፣ አንዱ ከማሌዥያ፣ አንዱ ከቻይና። ሰላምታው እንዳለቀ የሚከተለው ነገር ግን አንድ ዓይነት ነው። «ኡስታዝ፣ ሆዴን ያቃጥለኛል። ሰውነቴ ዝሏል። ኪታብ ስከፍት እንቅልፍ ይጥለኛል። ዐይን ሳይሆን አይቀርም፤ ሩቃ አድርጉልኝ።»

ዱዓእ እናደርጋለን። ዐይንም ሐቅ ነው፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የነገሩንን የምንክድ አይደለንም። ነገር ግን ሩቃው ከመጀመሩ በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን፦ «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን በላህ?» ሱብሃነላህ! መልሱን መስማት ያሳዝናል። ጠዋት ምንም። ቀን ችብስ ከለስላሳ ጋር። ማታ ኑድልስ። ሌሊት ለፈተና ሲያነብ ሁለተኛ ኑድልስ፣ ሁለተኛ ለስላሳ። ይሄ የአንድ ቀን ነገር ቢሆን ባልተናገርን ነበር። የዓመት፣ የሁለት ዓመት ኑሮ ነው።

ወንድሜ፣ ሰውን በዐይን ከመጠርጠርህ በፊት ድስትህን ጠርጥር። ድስት ከሌለህ ደግሞ በሽታው ከዚያ ይጀምራል። ሆድህን በተደጋጋሚ የሚያምህ ከሆነም ሐኪም ጋር ሂድ። መታከምን ያዘዙን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ናቸው፤ ሩቃና ሕክምና አይጣሉም።

እንግዲህ እቅጩን እንናገር። ምስር ወጥ ሠርቶ መብላት የማይችል ልጅ ቪዛው ቢመታም፣ ትኬቱ ቢቆረጥም፣ ለጉዞ አልተዘጋጀም። ይህን የምንለው ለቀልድ አይደለም። ዲኑም፣ ታሪካችንም፣ ጤናውም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው።

የተረሳችው ሁለተኛዋ ቃል

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ 168ኛው አንቀጽ ሰዎችን ሁሉ ከምድር ካለው እንዲበሉ ሲያዝ ሁለት መለኪያ አስቀምጧል፦ ሐላል እና ጦይብ። የተፈቀደ፣ እንዲሁም መልካም የሆነ።

ወጣቶቻችን የመጀመሪያዋን ቃል ጠንቅቀው ያውቃሉ፣ ማሻአላህ። ቻይና ያለው ወንድማችን የሁዪ ሙስሊሞችን ምግብ ቤት «ቺንግዠን» ከሚለው ጽሑፍ ለይቶ ያውቃል። አውሮፓ ያለው ጄላቲኑ ከምን እንደተሠራ ሳይጠይቅ ከረሜላ አይገዛም። ይህ ተቅዋ ነው፣ አላህ ይጨምርላቸው። ችግሩ ምርመራው እዚያ ላይ መቆሙ ነው። ሐላል መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ «መልካም ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። በየመድረኩም ስለ ጄላቲን ስንት ሙሐደራ ሲደረግ ስለ ስኳር አንድ ቃል አይነሳም።

የሐላል ምልክት ስኳር አይቀንስም። 330 ሚሊ ሊትር የምትይዘው አንዷ የኮላ ጣሳ ወደ 35 ግራም ስኳር አላት፤ ወደ 9 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። እናትህ ሻይ ውስጥ 9 ማንኪያ ስኳር ብትጨምርልህ «እማ፣ ምን ሆነሻል?» ትላት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው የሚጨመር ስኳር በቀን ከ50 ግራም ገደማ እንዳያልፍ፣ ከ25 ግራም በታች ቢሆን ደግሞ የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። አንዷ ጣሳ ብቻዋን ሁለተኛውን ወሰን ታልፋለች። ጨውም እንዲሁ ነው። ድርጅቱ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። የኑድልሱን ፓኬት ገልብጠህ ጀርባውን አንብብ። በዚያች ትንሽ የቅመም ከረጢት ያለው ጨው በብዙዎቹ ፓኬቶች የቀኑን ወሰን ሲሶ፣ አንዳንዴም ግማሽ ይጠጋል። ሁለት ፓኬት በልተህ ስታድር ቀሪውን ራስህ አስላው።

በሱረቱል አዕራፍ 31ኛው አንቀጽ አላህ እንድንበላና እንድንጠጣ፣ ግን እንዳናባክን ወሰን እንዳናልፍ አዟል። ኢስራፍ ማለት ገንዘብ መበተን ብቻ አይደለም፤ ሰውነትን መበተንም ነው። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሆዱን መሙላት ግድ ለሆነበት ሰው ሲሶውን ለምግብ፣ ሲሶውን ለመጠጥ፣ ሲሶውን ለትንፋሽ እንዲከፍል መክረዋል። ዛሬ የእኛ ልጅ ሲሶውን ለዱቄት፣ ሲሶውን ለስኳር፣ ሲሶውን ለጋዝ አድርጎታል!

ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምርን (ረ.ዐ) እናስታውስ። ቀኑን ሁሉ ይጾም፣ ሌሊቱን ሁሉ ይሰግድ ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ ሰውነቱም፣ ዐይኑም በእሱ ላይ ሐቅ እንዳላቸው ነገሩት፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። እንግዲህ በሶላትና በጾም እንኳ የሰውነትን ሐቅ መንፈግ ካልተፈቀደ፣ በኑድልስና በለስላሳ መንፈግ በምን ሒሳብ ይፈቀዳል?

«ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» ላላችሁ

ዋናው መሰናክል ገንዘብም ጊዜም አይደለም። ኩራት ነው። በየኮንዶሚኒየሙ 20 ዓመት ሞልቶት ሽንኩርት ልጦ የማያውቅ ወንድ ሞልቷል። ሲርበው ወይ እህቱን ይጠራል ወይ ወርዶ እርጥብ ይገዛል። «ነውር ነው» ይላል። ነውርነቱን ግን ከየት አመጣው? ከቁርኣን ነው ወይስ ከሱና?

አል-አስወድ የተባሉት ታቢዒይ እናታችንን ዓኢሻን (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ጠየቋት። ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር፣ የሶላት ሰዓት ሲደርስም ወደ ሶላት ይወጡ እንደነበር ነገረቻቸው። ይህ በቡኻሪ ያለ ነው። ከፍጥረት ሁሉ በላጩ ያልተጠየፉትን የቤት ሥራ የልደታ ጎረምሳ ይጠየፈዋል?

አቡ ዘርን (ረ.ዐ) ደግሞ ሾርባ ሲሠራ ውሃውን እንዲያበዛና ለጎረቤቶቹም እንዲያደርስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አዘዙት፤ ሙስሊም ዘግበውታል። ልብ በሉ፣ ትእዛዙ ለወንድ ነው፣ የሚያወራውም ስለ ድስት ነው። አነስ (ረ.ዐ) እንዳወሩት አንድ ልብስ ሰፊ ምግብ አዘጋጅቶ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠራቸው። የቀረበው የገብስ ዳቦ፣ ዱባና ቋንጣ ያለበት መረቅ ነበር፤ እሳቸውም ከሳህኑ ዱባውን እየፈለጉ ይበሉ ነበር። አንተ ደግሞ ዱባ ሲቀርብልህ ስጋውን ፍለጋ ትገፋዋለህ።

ታሪካችንም ከዚህ አይርቅም። በወሎ ሐሪማዎች ደረሳው አገር አቋርጦ ሲቀራ እናቱን አስከትሎ አልሄደም። ውሃ መቅዳቱ፣ እንጨት መልቀሙ፣ ማብሰሉ የቂርኣቱ አካል ነበር፤ ኺድማ ይሉታል። እኛም በመድረሳ ያደግነው ተራ እየገባን እያበሰልን ነው፤ ንፍሮ ያላበሰለ ተራው ሳይደርስ የቀረ ብቻ ነው። ወደ ውጭ የወጡትም እንዲሁ ናቸው። በካይሮው አል-አዝሀር ከእኛ አካባቢ ለሚሄዱ ተማሪዎች «የጀበርቶች ሪዋቅ» የሚባል ማደሪያ ነበር። ታላቁ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825) የመጡበት ቤተሰብ የዚህን ሪዋቅ አለቃነት ይዞ የኖረ ነው። በአዝሀር ለተማሪዎች በቀን የሚታደል የዳቦ ድርሻ ነበር፤ እንጀራ አልነበረም። ያገኙትን በልተው ዒልሙን ይዘው ወጡ።

ስለዚህ «ነውር ነው» የሚለው ሰው ዲንም ታሪክም አልያዘም። የያዘው ስንፍና ነው፣ ስሙን «ወንድነት» ብሎታል።

የእህቶቻችን ሐቅ

ሌላም የምንሸፋፍነው ጉዳይ አለ። አንዲት እህት ለትምህርት ወደ ውጭ ስትወጣ በከተማው ያሉት የአገሯ ልጆች ወዲያው ያገኟታል። «እህታችን፣ ዛሬ ሽሮ ናፈቀን» ይጀመራል። ከወር በኋላ እሷ የአምስት ወንድ ድስት ተሸካሚ ሆናለች። እነሱም ፈተና አለባቸው፣ እሷም ፈተና አለባት። ልዩነቱ እሷ ሽንኩርት ስትከትፍ እነሱ ያነባሉ።

ይህ ወንድማማችነት ሳይሆን ብዝበዛ ነው። በዚያ ላይ ማሕረም ያልሆነ ወንድ በምግብ ሰበብ የእህትን ቤት ማዘውተሩ ምን በር እንደሚከፍት ለአዋቂ አይነገርም። ለእህትህ ማዘን ከፈለግክ አንድ ቀን አብስለህ በጓደኛዋ በኩል ድርሻዋን ላክላት። አቡ ዘር የታዘዙት ይህንኑ ነው።

«ጊዜ የለኝም፣ ገንዘብም የለኝም»

ይህን ሰበብ በቁጥር እንመልሰው። 100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 24 ግራም ፕሮቲን አለው። አንድ ፓኬት ኑድልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ 10 ግራም እንኳ አይሞላም። አንድ ኪሎ ምስር ወደ 12 ሳህን ይወጣዋል። ምስር የሌለበት አገር ደግሞ አታገኝም። በቱርክ «መርጂሜክ»፣ በህንድ «ማሱር»፣ በዐረብ አገር «ዐደስ» በለው፤ ከርካሾቹ ምግቦች አንዱ ነው።

ጊዜውስ? አንድ ሽንኩርት ክተፍ፤ በትንሽ ዘይት አቁላላ። ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ወይም እርድ ጨምር። ሁለት እፍኝ የታጠበ ቀይ ምስርና ውሃ አድርግበት። በ25 ደቂቃ ይደርሳል። ከማውጣትህ በፊት ጎመን ወይም ስፒናች ጣል አድርግበት፣ ጨው በልኩ፣ ሎሚ ጭመቅበት። ከአንድ የእግር ኳስ ጨዋታ አጋማሽ ያነሰ ጊዜ ነው። 90 ደቂቃ ተቀምጦ ኳስ የሚያይ ሰው 25 ደቂቃ የለኝም ቢል ማን ያምነዋል?

ሎሚውን ለጣዕም ብቻ እንዳይመስልህ። በምስር ያለውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ያግዛል። ሻይ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ስለዚህ ሻይህን ከምግቡ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት ያህል ቆይተህ ጠጣ።

በየቀኑ ማብሰልም አይጠበቅብህም። በእረፍት ቀንህ አንድ ትልቅ ድስት ሥራ፣ በየድርሻው ከፋፍል፤ ለሦስት ቀን የሚሆነውን ፍሪጅ፣ የቀረውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጥ። ማደሪያህ ምድጃ የሚከለክል ከሆነ ደብቀህ አታስገባ፤ የፈረምክበት ውል አማና ነው፣ እሳትም የጎረቤትህን ነፍስ ይነካል። የጋራ ማብሰያ ካለ እሱን ተጠቀም፤ ዶርሙ ራሱ ምግብ የሚያቀርብ ከሆነም ምስሩንና አትክልቱን ዘለህ ጥብሱ ላይ ብቻ አትሰለፍ።

ለእናቶቻችን

እናቶቻችን ሆይ፣ አላህ ውለታችሁን ይክፈላችሁ። ልጁ ሊሄድ ወር ሲቀረው በርበሬ ይደለዛል፣ ሽሮ ይፈጫል፣ ድርቆሽ ይደርቃል፣ በሶ ይቆላል። ሻንጣው ይሞላል። በሻንጣው ውስጥ የጎደለው አንድ ነገር የልጁ እጅ ነው፤ ሽሮውን ይዞ ሄዶ ሽሮ መሥራት አያውቅም! ዱቄቱ ጎጎል ሠርቶ፣ ውሃው ለብቻው ቆሞ፣ በስልክ «እማ፣ ምን ላድርግ?» ይላል።

በዚያ ላይ ቅቤና ቋንጣ እየጨመራችሁ ታሽጋላችሁ። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ የሚገባ መንገደኛ የስጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዳይገባ ይከለክላሉ። የደከማችሁበት ንጥር ቅቤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይጣላል። በዘይት መሥራት አስተምሩት፤ ቅቤው ቤት ይቅር።

ልጁም ይወቅ፤ ሻንጣው ከጥቂት ወራት በኋላ ባዶ ነው። ሽሮው ሲያልቅ ከህንድ ሱቅ «ቤሰን» የሚባል የሽምብራ ዱቄት ገዝቶ፣ በመጥበሻ ቆላ አድርጎ፣ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ጨምሮ ይሠራ። ጤፍ ተወዶ ካገኘው ለዒድ ያቆየው። «እንጀራ ከሌለ ምግብ የለም» ብሎ ኑድልስ ላይ የሚወድቅ ሰው እንጀራን አላከበረም። እንጀራችን ጤነኛ የሆነው አጠገቡ ምስር፣ ጎመን፣ ክክና ሽሮ ስላሉ ነው። እነሱ በሩዝም፣ በዳቦም፣ በቡልጉርም ይበላሉ።

ሳያውቁ የሚጎዱ ነገሮች

ማብሰል የጀመሩ ወንድሞች እነዚህን ልብ ይበሉ።

1. የበሰለ ሩዝ ምድጃ ላይ አይደር። በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ውጭ ባደረ ሩዝ ላይ የሚራባው ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ መልሶ በማሞቅ አይጠፋም።

2. ቀይ ቦሎቄ በጥሬው መርዛማ ነገር አለው። ሌሊቱን ዘፍዝፈህ ውሃውን ድፋ። በአዲስ ውሃ በኃይል ቢያንስ 10 ደቂቃ አንተክትከው፣ ከዚያ እስኪለሰልስ ቀቅል። በዝቅተኛ ሙቀት ቀስ ብሎ በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ከጥሬው አትጀምር። ምስር ግን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም።

3. ክረምቱ ረጅም በሆነበት አገር ያላችሁ ስለ ቫይታሚን ዲ ሐኪም ጠይቁ። ይህን ቫይታሚን ሰውነታችን በዋናነት የሚሠራው ከፀሐይ ነው፤ ጥቁር ቆዳ ደግሞ በደካማ ፀሐይ የሚያመርተው ያንሳል። በየቀኑ ድካም ሲሰማችሁ «ሲሕር ነው» ከማለት በፊት ደማችሁን ተመርመሩ።

4. ሱሑር በለስላሳና በብስኩት አይያዝ። እንቁላል፣ አጃ፣ ከአገር የሄደው በሶ አለ። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ለታመመና ላዘነ ሰው «ተልቢና» የሚባለውን ከገብስ ዱቄት የሚዘጋጅ ቀጭን ምግብ ታዝ ነበር፤ የእኛ የገብስ አጥሚት ዘመዱ ነው። አገር ለናፈቀው ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ብቻህን አትብላ

ከሁሉ የከፋው ግን በር ዘግቶ፣ ስልክ ላይ አፍጥጦ፣ ከፓኬት መብላት ነው። የአንድ ሰው ምግብ ለሁለት እንደሚበቃ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። አራት ሆናችሁ ተራ ግቡ፤ በሳምንት አንድ ሁለቴ ብቻ ይደርሳችኋል። ያልቻለ ተራ በገባ ቁጥር ይማራል።

በዚህ ጉዳይ ለእኛ ለሐበሾች ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለን። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) በዚህችው በሐበሻ ምድር ከ10 ዓመት በላይ በስደት ኖረዋል። ባይተዋርነትን ያውቁታል። ወደ መዲና ከተመለሱ በኋላ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ለሚስኪኖች ከሰው ሁሉ ደግ ጃዕፈር እንደነበሩ መስክረዋል፤ ወደ ቤታቸው ወስደው ያለውን ያበሏቸው ነበር። ስደትን የቀመሰ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው።

ለወላጆች የምንለው ይህን ነው። ልጃችሁ የትምህርት እድል ማመልከቻውን በሞላ ቀን ሽርጥ አልብሱት። ከመሄዱ በፊት ባሉት ወራት ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንና ሩዝ ብቻውን ሠርቶ ቤተሰቡን ያብላ። ጨው ቢያበዛበት አትሳቁበት፣ ብሉለት። ወንድም ሆነ ሴት ልዩነት የለውም። በየመስጂዱ ያላችሁ ጀመዓዎችም ለተጓዦች ሽኝት ስታዘጋጁ ሙሐደራው ብቻ አይብቃ፤ ድስት አምጡና ተጓዡ ራሱ ያብስል፣ ሸኚው ይብላ።

ዳውድ (ዐ.ሰ) ነቢይም ንጉሥም ሆነው ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር በሐዲስ ተነግሮናል። አንተ ንጉሥም ነቢይም አይደለህ፤ እጅህ ግን አለ። ዲግሪህን ይዘህ ስትመለስ ጨጓራህን፣ ኩላሊትህንና ጥርስህንም ይዘህ ተመለስ። እናትህ የላከችው ሙሉ ሰው ነው።

አላህ (ሱ.ወ) በየአገሩ የተበተኑትን ወንድምና እህቶቻችንን ይጠብቅልን፤ ዒልማቸውን ጠቃሚ፣ ሪዝቃቸውን ሐላልና ጦይብ፣ ሰውነታቸውን ጤነኛ ያድርግላቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ውጭ ላለ ወንድምና እህት፣ ሊሄድ ላሰበም ሼር አድርጉት።